መዘምራን ያልገቡበት ትዕይንት

ጋሼ መጋረጃ ይሏቸዋል። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቁት መታወቂያ የሚያድሱላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ስሙን ጠርተው ሲያበቁ ቀና ብለው ያዩዋቸውና «ውይ፣ ጋሼ መጋረጃ ነዎት እንዴ!» ይላሉ። ቅጽል ስሙ በሁለት በኩል ነው የተጣበቀባቸው። በሥራ ቀን፣ ከሰዓት ጠጋኙና ከፎቶ ቤቱ መሃል በተሸጎጠችው ጠባብ ሱቅ፣ የሰው መስኮት መጋረጃ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸውን የመድረክ መጋረጃ የሚስቡት እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ገመዱን ብቻ ነበር የሚስቡት። የድራማው ደራሲ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ «እስኪ እርስዎ አንድ ነገር ይሞክሩልን» ተባሉ። ሞከሩ፤ ተወደደ፤ ከዚያ ወዲህ ገመዱንም እስክሪብቶውንም የሚቀበላቸው ጠፋ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ የጋሼ መጋረጃ ድራማዎች ሁሉ አንድ ድራማ ናቸው። አልጋ አለ። አልጋው ላይ የታመመች ሴት አለች። ሐኪም ይገባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይወጣል። ነገሩ ጭንቅ ውስጥ ሲገባ መዘምራን ካባቸውን ለብሰው ከግራም ከቀኝም ይገባሉ፣ መብራቱ ቢጫ ይሆናል፣ ሁለት መዝሙር ይዘመራል። መዘምራኑ ገለል ሲሉ ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን ገፍታ ዘላ ትነሳለች። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሕዝቡ የሚያልቅበትን እያወቀ ይመጣል፣ ባወቀው ቦታ ያለቅሳል፣ ባወቀው ቦታ ያጨበጭባል፣ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን የሚንቅ ሰው ካለ አዳራሽ ሙሉ ሰው በአንድ ጊዜ ማስለቀስን ሞክሮ ይየው።

የማትመጣው አንዲት ልጃቸው ብቻ ነበረች። ልጅቷ ፋርማሲስት ናት። ከአባቷ ጋር አንድ ቤት ይኖራሉ፤ ጠዋት ጠዋት የደም ግፊት ኪኒናቸውን መዳፋቸው ላይ ታስቀምጥና እስኪውጡት ትጠብቃለች። ስለ ጨው ያወራሉ፣ ስለ ቁልፍ ያወራሉ፣ ውሃ መጣ ሄደ ያወራሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። እሳቸውም ለምን ብለው ጠይቀዋት አያውቁም። አባትና ልጅ በጣም ተዋደው በጣም ሲፈራሩ ይኸው ነው የሚሆኑት።

አንድ ጠዋት ኪኒናውን እየሰጠቻቸው «አባዬ፣ ዝውውሬ ጸደቀልኝ። ሌላ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ተከፍቷል። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ» አለቻቸው።

«መልካም ነው ልጄ» አሉ። መልካም አልነበረም። ኪኒናው ጉሮሯቸው ላይ ተሰነቀረና ውሃ ደገሙ። እሷ ከሄደች ስለ ጨው እንኳ የሚያወሩት ሰው የለም፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ያልጠየቁት ነገር እንዳልተጠየቀ ሊቀር ነው።

በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያኒቱ የድራማ ድርሰት ሥልጠና አዘጋጀች። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። የመጡት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ጋሼ መጋረጃ ሽማግሌ ሰውነታቸውን አጣጥፈው የሕፃን ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ እርስዎ ሊያስተምሩን ነው ወይስ ሊማሩ?» ብሎ ቀለደባቸው። «ልማር ነው የመጣሁት። አንተም ብትሞክረው አይጎዳህም» አሉትና ጠመኔ የነካካውን እጃቸውን ጠራርገው ለመጻፍ ተዘጋጁ።

መምህርቷ ለብዙ ዘመን የሬዲዮ ድራማ የጻፈች፣ ሻይ አስቀድታ ሳትጠጣ የምታቀዘቅዝ ቀጭን ሴት ናት። «ድራማ ማለት አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ማለት ነው» ብላ ጀመረች። «ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው? ለማግኘትስ ምን ይከፍላል? እነዚህን ሦስቱን ያልመለሰ ድርሰት ስብከት ሊሆን ይችላል፤ ድራማ ግን አይሆንም። ስብከት ደግሞ መጋቢው አለላችሁ፣ አትሻሙት።»

ተሳቀ። ቀጠለች። «እኛ አማኞች የምንጽፍ ሰዎች አንድ የሥራ በሽታ አለብን። መጨረሻውን ስለምናውቅ እንቸኩላለን። ዓርብ ስቅለቱን እንጀምርና ዘለን እሑድ ትንሣኤው ላይ እናርፋለን። ቅዳሜ የለችም። ደቀ መዛሙርቱ ግን ቅዳሜን ኖረዋታል፤ በር ዘግተው፣ ነገ ምን እንደሚመጣ ሳያውቁ። እግዚአብሔር ያልዘለላትን ቀን እኛ ማን ነንና እንዘላለን?»

ጋሼ መጋረጃ እጃቸውን አወጡ። «መምህርት፣ ታዲያ ሕዝቡ አዝኖ ወደ ቤቱ ይሂድ ነው የሚሉት?»

«አይደለም ጋሼ። ግን ጌታ የወዳጁ መቃብር ጋ ሲደርስ ምን አደረገ? እንደሚያስነሳው ያውቃል እኮ! እያወቀ መጀመሪያ አለቀሰ። ያቺን የልቅሶ ትዕይንት አልቆረጣትም።»

ይቺ ነገር ጋሼ መጋረጃን ክው አደረገቻቸው። ስንት ዓመት ያነበቡት ታሪክ ነው፤ ስንት ጊዜ አሜን ያሉበት ነው፤ ልቅሶዋ እዚያ ቦታ ለምን እንዳለች ግን አስበው አያውቁም ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህርቷ የሳቸውን ድርሰት አንብባ መጣች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ሴትዮዋ ልትሞት ደርሳለች። ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። ጥሩ። ገጹን ስገልጥ መዘምራን ገብተዋል። ደግሜ ስገልጥ ሴትዮዋ ቆማለች። በመሃል ምን ተደረገ?»

«ተዘመረ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ግን አለቀቀቻቸውም። «እሱማ ተዘመረ። የቀድሞዎቹንም አይቻለሁ። በጨነቀዎት ቁጥር መዘምራን ያስገባሉ። እያንዳንዱ ደራሲ የሚሸሻት አንዲት ትዕይንት አለችው፤ ድራማው ያለው እሷ ውስጥ ነው። ለቅዳሜ እሷን ብቻ ይጻፉልኝ። አልጋ፣ እናት፣ ልጅ። ዝማሬ የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን፣ በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ላይ፣ በልጆች ፊት እንዲህ ሲባል ተቀይሞ ይቀር ነበር። ከወጣቶቹ እንኳ ከዚህ ባነሰ ነገር አኩርፈው የቀሩ አሉ። ጋሼ መጋረጃ ግን ሱቃቸው ገብተው የድሮ ድርሰቶቻቸውን በሙሉ አወጡና እንደ ተማሪ አረሟቸው። በምሳ ሰዓት ወንጌሉን ከስፌት መኪናው ጎን ዘርግተው እያንዳንዱን ታሪክ «ምን ይፈልጋል? ምን ከለከለው?» እያሉ ይመረምራሉ። አመሉ ወደ ደንበኞችም ተዛመተ። አንዲት ሴትዮ ወፍራም መጋረጃ ልታዝዝ ብትመጣ «እሜቴ፣ በእውነት የሚፈልጉት ምንድን ነው? ፀሐዩን መከልከል ነው ወይስ ጎረቤትዎን?» ብለው ጠየቋት። ሴትዮዋ ተቆጥታ ወጣችና ትንሽ ቆይታ ተመልሳ «ጎረቤቴን ነው» አለች።

የመዘምራኑ መሪ ወሬውን ሰምቶ ሱቅ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ምን በደልንዎት? ካባ አሰፍተን እኮ ነው የምንጠብቀው!»

«ምንም አልበደላችሁኝም ወንድሜ። ተደብቄባችሁ ነው የኖርኩት። ካባችሁ ሰፊ ነዋ።»

ሁሉን ነገር ተማሩ። የማይጻፍላቸው ያቺ ትዕይንት ብቻ ሆነች። ለጨርቅ መቁረጫ ልክ በሚያወጡበት ቡናማ ወረቀት ላይ «ሴትዮዋ አልጋ ላይ ተኝታለች። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣለች» ብለው ይጽፋሉ። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ምን እንደምትል አያውቁም። ሴትዮዋ ምን እንደምትመልስም አያውቁም። ቀደው ይጥላሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ፣ እዚያው ይቆማሉ። ችሎታ ማነስ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም።

ሚስታቸው የሞተችው ድራማ በሚታይበት ቀን ነበር። ታማ ወራት ቆይታለች። አልሄድም ቢሉ «ሂድ እንጂ፣ ሰው ሰብስበህ ልትቀር ነው? መጋረጃውን ማን ይስባል?» ብላ አባረረቻቸው። ሄዱ። አዳራሹ ከምንጊዜውም በላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የመድረኳ በሽተኛ ዘላ ስትነሳ ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ጋሼ መጋረጃ ገመዱን እንደያዙ «እሷም ትነሳለች» ብለው በልባቸው አመኑ። ቤት ሲደርሱ በሩን የከፈተችላቸው ልጃቸው ናት። ፊቷን አይተው ሁሉን ተረዱ። እናትና ልጅ በዚያ ከሰዓት ምን እንደተባባሉ እሷ አልተናገረችም፣ እሳቸውም አልጠየቁም፤ ዓመታት አለፉበት።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቢጠይቋት፣ በቀረችው በዚህች ጥቂት ቀን፣ ያለቻቸውንም ኪኒናና ጨው ሊያጡ ነው። ባይጠይቋት ደግሞ ልጃቸው ያን ከሰዓት ብቻዋን ተሸክማው ልትሄድ ነው።

ልጅቷ የአዲሱን ቤቷን የመስኮት ልክ ይዛ ሱቅ መጣች። የሌላ ሰው እጅ የሰፋው መጋረጃ እዚያ ቤት አይሰቀልም ብለው ድርቅ ብለውባት ነበር። ጨርቁን ዘርግተው ጠርዙን እየቀመቀሙ ሳለ የስፌት መኪናውን አቆሙት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ምነው፣ ወርዱን ተሳሳትኩ?»

«ወርዱ ልክ ነው። ያን ቀን… እኔ አዳራሽ ሳለሁ፣ እናትሽ ጋ ምን ሆነ?»

ልጅቷ ሜትሩን ከጨርቁ ላይ አነሳች። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አሁን ነው።»

«ለድራማህ ነው?»

አይደለም ማለት ይችሉ ነበር፤ ቀላሉም እሱ ነበር። «ለድራማውም ነው» አሉ። «ለኔም ነው። የቱ እንደሚበልጥ ለይቼ አላውቀውም። አልነግርህም ካልሽኝ ድራማውን እተወዋለሁ። ጥያቄውን ግን ከዚህ በላይ መዋጥ አልቻልኩም።»

ልጅቷ የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ ቁጭ አለች። ሜትሩን ጣቷ ላይ እየጠመጠመች ጀመረች።

«ስትሄድ ደህና ነበረች። ሾርባ ትንሽ ፉት አለችልኝ። ስላንተ ድራማ ነበር የምታወራው። ‹ያቺ ሴትዮ ዘላ አትነሳም በይው› አለችኝ። ‹የታመመ ሰው ዘሎ አይነሳም። መጀመሪያ ጫማውን ነው የሚፈልገው፤ ወለሉ ይቀዘቅዘዋላ!› እየሳቀች ነው እኮ።»

ጋሼ መጋረጃ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ቁርጥ ሚስታቸው ናት። ሞት ደጅ ቆሞ እንኳ የባሏን ድርሰት ታርማለች። ሳቁ አፋቸው ላይ እያለ እንባቸው መጣ። «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያ ትንሽ ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ‹ጫማዬን አምጪልኝ› አለች።»

መንገድ ላይ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ልጅቷ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«አመጣሁላት። አባዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ዳነች ብዬ ነበር። በየዓመቱ ስታስነሳቸው እያየሁ አይደል ያደግኩት? ተንበርክኬ ጫማዋን እያጠለቅኩላት እዘምር ነበር። ማሰሪያውን ሳስር እግሯ ከበደኝ። ቀና ብል የለችም።»

ሜትሩን ከጣቷ ፈታችው። «ሴቶቹ መጡ። ሊገንዟት ጫማዋን ሊያወልቁ ሲሉ ‹አታውልቁ! ትነሳለች!› ብዬ ጮህኩባቸው። እጃቸውን ያዝኳቸው። ‹ልጅቷ አበደች› ተባባሉ። ከዚያ አንተ መጣህ። ኮትህ ላይ አበባ ሰክተውልህ ነበር።»

ጋሼ መጋረጃ የሚሉት ብዙ ነበራቸው። ሰው ሲያዝን የሚባለውን ሁሉ ያውቁታል፤ ራሳቸውም ለስንት ሰው ብለውታል። አንዱንም አላነሱትም። ከስፌት መኪናው ተነስተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉና ከጨርቅ ጥቅሉ ጎን፣ መሬት ላይ፣ ተቀመጡ።

«ብቻሽን ነበርሽ» አሉ።

«ብቻዬን ነበርኩ።»

እዚያው እንደተቀመጡ ደንበኛ መጥቶ አንኳኩቶ ሄደ። ብዙ ቆይታ ተነሳች፣ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን ክር ለቀመች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «ጻፈው ከፈለግክ» አለች። «ግን ካስነሳሃት አልመጣም።»

ጻፉት። የሾርባው ነገር፣ ሳቁ፣ ጫማው፣ የከበደው እግር፣ ሁሉም እንደነበረ ገባ። መምህርቷ አንብባ መነጽሯን አወለቀች። ያን ቀን ሻይዋ መቀዝቀዙንም አላወቀችም። መጋቢው ግን ተጨነቁ። «ጋሼ፣ ሳትነሳ ልናበቃ ነው? ሰው እምነቱ አይናወጥም ወይ?»

ጭንቀቱ የመጋቢው ብቻ አልነበረም። ጋሼ መጋረጃ ሙታን እንደሚነሱ ያምናሉ፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህን እምነት አይለቁም። ሴትዮዋን ከአልጋ ካስነሷት ልጃቸውን ዋሿት። ጨለማ ውስጥ ትተዋት መጋረጃውን ከዘጉ ደግሞ አምላካቸውን ዋሹ። ይህን ለመምህርቷ ቢያዋዩአት «መጨረሻውን ከውጭ አያምጡት። የውጭ ነገር አስገብተው ኖረዋል፤ በቃዎት። መሃሉን እንደገና ያንብቡት፤ እውነተኛ መሃል መጨረሻውን በሆዱ ይዞ ነው የሚመጣው» አለቻቸው።

አነበቡት። ጨርቅ እየቆረጡ አነበቡት፣ መሰላል ላይ ቆመው የሰው ቤት ዘንግ እየሰቀሉ በቃላቸው ወጡት። አንድ ቀን እዚያው መሰላሉ ላይ፣ የመጋረጃ ቀለበት በአፋቸው እንደያዙ፣ ቀጥ አሉ። የቤቱ እመቤት «ጋሼ፣ አዞረዎት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። «አገኘሁት!» አሏትና ግማሹን መጋረጃ ሳይሰቅሉ ወርደው ሄዱ። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቀው ቀሪውን ሰቀሉ።

የድራማው ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። መዘምራኑም መጡ፤ ግን እንደ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው። ጋሼ መጋረጃ በመጋረጃው ጠርዝ አሾልቀው ቢያዩ ልጃቸው የለችም። ሐኪሙ ሲወጣም የለችም። ሴትዮዋ ስትስቅ፣ ሕዝቡ አብሯት ሲስቅ፣ የኋላው በር ተከፈተና ነጭ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ገባች። አልተቀመጠችም። ካስነሷት ለመውጣት እንዲመቻት በሩን ተደግፋ ቆመች።

ጫማው መጣ። ሕዝቡ ገና ጫማውን ሲያይ ለማጨብጨብ ከወንበሩ ብድግ ብድግ ማለት ጀመረ፤ ልማዱ ነዋ! የመድረኳ ልጅ ተንበርክካ እየዘመረች ማሰሪያውን አሰረች። እግሩ ከበዳት። ቀና አለች። የተነሳው ሰው ሁሉ በቆመበት ቀረ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተቀመጠ። ሁለት ሴቶች መገነዣ ጨርቅ ይዘው ገቡ፣ ወደ እግሯ ጎንበስ አሉ። ልጅቷ እጃቸውን ያዘች። አልጮኸችም። ሰው ለሚቸኩል ጎረቤቱ ነገር እንደሚያስረዳ አድርጋ፣ በዝግታ፣ «አታውልቁ። ትነሳለች» አለች።

ጋሼ መጋረጃ ገመዱን ሳቡ። መጋረጃው እየተንቀራፈፈ ተዘጋ።

ጭብጨባ የለም። አንድ ሰው ተንሰቀሰቀ፤ ከወዲያ ጥግ ሌላ ተከተለው። የቀበረ ሰው የሌለበት ወንበር አልነበረም። ጋሼ መጋረጃ ገመዱን እንደጨበጡ ከመድረኩ ጀርባ ቆመው ወደ በሩ ማየት ፈሩ። ወጥታ ሄዳ እንደሆነስ?

ከጎናቸው ኮቴ ሰሙ። ልጃቸው ናት።

«እኔ እኮ እንደዚያ አላልኩም» አለች። ድምጿ ተቆራረጠ። «እኔ ጮኼ ነው ያልኩት። አብጄ ነበር፣ አባዬ።»

«አላበድሽም ልጄ» አሉ። «እኛ ሁላችንም መሃሉ ላይ ነበርን። አንቺ መጨረሻውን አይተሽ ነው የጮኽሽው። የሚሰማሽ ሰው ነው የጠፋው፤ እኔም ጭምር።»

ልጅቷ ፊታቸውን አየች። ዓይኗ ሞልቶ ገና አልፈሰሰም። «ጫማዋን ግን አወለቋት እኮ» አለች።

ጋሼ መጋረጃ ገመዱን ለቀቁና እጇን ያዙ። «ባዶ እግሯንም ቢሆን ትነሳለች።»

ያን ጊዜ ትከሻቸው ላይ ተደፋችና፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቷ ፊት አለቀሰች።